የቺያፓስ ማያዎች ለምን አመፁ? መሬት፣ አንቀጽ 27 እና ዛፓቲስታዎች

[ምስል፦ የደቡብ ሜክሲኮ ካርታ፣ ቺያፓስ ጎልታ]

ተራኪ፦ ጃንዋሪ 1 ቀን 1994 እ.ኤ.አ. ከንጋቱ በፊት «ዛፓቲስታ» የተባሉ፣ ፊታቸውን የሸፈኑ የማያ ነባር ሕዝብ ገበሬዎች ሳን ክሪስቶባልን፣ ኦኮሲንጎንና ሌሎች የቺያፓስ ከተሞችን ያዙ። ከእንጨት የተጠረበ ጠመንጃ የያዙም ነበሩባቸው። ዕለቱ ሜክሲኮ ከአሜሪካና ከካናዳ ጋር የተፈራረመችው የነፃ ንግድ ስምምነት ሥራ የጀመረበት ነው።

ቁጣው ግን ሁለት ዓመት ቀድሞ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27 ላይ ተቀስቅሷል። የ1917ቱ ሕገ መንግሥት መሬት ላራሹን ተቀብሎ ነበር። መሬት አልባ ገበሬዎች በቡድን ያመለክቱ ነበር፤ መንግሥት ከትልልቅ ርስቶች ቀንሶ «ኤሂዶ» የተባለ የጋራ ይዞታ ይሰጣቸው ነበር። ኤሂዶ ይታረሳል፣ ለልጅ ይወረሳል፤ ያኔ ግን አይሸጥም፣ ለብድር መያዣም አይሆንም ነበር። ቺያፓስ ላይ ባለርስቱ ኃያል ስለነበር ብዙ ማመልከቻ ለዓመታት መልስ አጣ። በ1989 ደግሞ የቡና ዋጋ ወደቀ። በ1992 ፕሬዚዳንት ሳሊናስ አንቀጹን አሻሻሉ፤ ድልድሉ ቆመ፣ ኤሂዶም በአባላቱ ጉባኤ ውሳኔ ወደ ግል ዞሮ እንዲሸጥ ተፈቀደ። ተራውን ሲጠብቅ ለኖረ ጼልታል ወይም ጾጺል ከተባሉት የማያ ሕዝቦች ለሆነ ገበሬ ሕጋዊው በር ተዘጋበት።

[ምስል፦ የኦኮሲንጎ ገበያ]

ተራኪ፦ ውጊያው 12 ቀን ቆየ። የከፋው ኦኮሲንጎ ገበያ ላይ ነበር። ከተኩስ አቁሙ በኋላ ጳጳስ ሳሙኤል ሩይስ አደራደሩ፤ በፌብሩዋሪ 1996 በመንግሥትና በዛፓቲስታዎች መካከል የሳን አንድሬስ ስምምነት ተፈረመ። ስምምነቱ ለነባር ሕዝቦች ራስን የማስተዳደር መብት ይሰጣል። ፕሬዚዳንት ሴዲዮ ግን በስምምነቱ መሠረት የተረቀቀውን ሕግ አልተቀበሉም። በ1997 መጨረሻ የመንግሥት ደጋፊ ታጣቂዎች አክቴያል በተባለች የቺያፓስ መንደር መሣሪያ ያላነሱ 45 ጾጺሎችን ገደሉ፤ አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። በ2001 የጸደቀው ማሻሻያም ማኅበረሰቦቹን በራሳቸው የሕግ መብት ያላቸው አካላት አላደረጋቸውም፤ ዝርዝሩን ለየክልሉ ምክር ቤት ተወው። ፊርማው ከወረቀት አላለፈም፤ ይህ ትልቅ ክህደት ነው።

ዛፓቲስታዎች ከዚያ ወዲያ ፈቃድ አልጠየቁም። በ2003 አምስት «ካራኮል» የተባሉ የራስ አስተዳደር ማዕከላት አቋቋሙ። ሹመቱ ተራ በተራ፣ ያለ ደመወዝ ነበር። ዳኝነት በነፃ ይሰጥ ነበር፤ አባል ያልሆነም ይዳኝ ነበር። ጥፋተኛ አብዛኛውን ጊዜ በጉልበት ሥራ ይክስ ነበር። ችግርም ነበረው፦ ተረኛ በተለወጠ ቁጥር ባለጉዳዩ ነገሩን ከሥሩ ይጀምር ነበር።

በ2023 መዋቅሩ እንደ ፒራሚድ ከሕዝቡ ርቋል ብለው ራሳቸው አፈረሱት፤ ሥልጣኑ ወደየመንደሩ ወረደ። ከባለርስቶች ካስመለሱት መሬት ከፊሉንም ማንም የእኔ የማይለው፣ ዛፓቲስታ ካልሆኑ ጎረቤቶች ጋር በጋራ የሚታረስ እንዲሆን ወሰኑ።