የሉዌሊን ወንድሞች

[ምስል፦ የለንደን ግንብ በሌሊት]

ማርች 1 ቀን 1244 በፈረንጆች። ከእንግሊዝ በስተምዕራብ ያለችው የዌልስ ሰዎች የአገራቸውን ጠባቂ የቅዱስ ዳዊትን በዓል የሚያከብሩበት ቀን ነው። አንድ ወፍራም እስረኛ አንሶላና ጨርቅ ቀጣጥሎ ገመድ ሠራ። በዚያ ገመድ ከለንደን ግንብ ሊወርድ ሞከረ። ገመዱ አልቻለውም፣ ተበጠሰ። ሰውየው አንገቱ ተሰብሮ ሞተ።

ስሙ ግሪፊዝ ነው። የሰሜን ዌልስ ገዥ የታላቁ ሉዌሊን ልጅ። መጀመሪያ ያሰረው ደግሞ የእንግሊዝ ንጉሥ አይደለም። የአባቱ ልጅ ዳቪዝ ነው።

ነገሩ የመጣው ከርስት ነው። በዘመኑ የዌልስ ሕግ የአባት ርስት ለወንዶች ልጆች ሁሉ ይከፋፈል ነበር። ከጋብቻ ውጭ የተወለደም፣ አባቱ ልጄ ነው ካለ፣ ድርሻ ነበረው። ለገበሬ ቤት ደግ ሕግ ነበር። አልጋ ግን እንደ እርሻ አይሸነሸንም። ስለዚህ ታላቁ ሉዌሊን ከእንግሊዙ ንጉሥ ጆን ልጅ የወለደውን ዳቪዝን ብቻ ወራሽ አደረገ። ታላቅየው ግሪፊዝ ተገፋ። ዳቪዝ በዚህ አላበቃም፤ ወንድሙን ከነልጁ ከኦዋይን ጋር አሰረው።

የግሪፊዝ ሚስት ሰናና ዝም አላለችም። ባሏን እንዲያስፈታላት ለንጉሥ ሄንሪ 3ኛ 600 ማርክ (የዘመኑ የገንዘብ መለኪያ) ልትከፍል ተዋዋለች። ሄንሪ በ1241 ዳቪዝን አስገብሮ እስረኛውን ተረከበ። ግን አልፈታውም። ወደ ለንደን ግንብ ወሰደው። የቀረውን አይታችኋል።

ዳቪዝ በ1246 ያለ ልጅ ሞተ። አልጋው ለግሪፊዝ ልጆች ቀረ። ኦዋይን፣ ሉዌሊን፣ ሮድሪና ትንሹ ዳቪዝ። አዎ፣ ሉዌሊን በአያቱ፣ ዳቪዝ በአጎቱ ስም የሚጠሩ።

[ምስል፦ የስኖዶንያ ተራሮች]

በ1255 ብሪን ደርዊን በሚባል ቦታ ወንድማማቾቹ ጦር ተማዘዙ። ሉዌሊን ኦዋይንንና ዳቪዝን በአንድ ቀን ማረካቸው። ዳቪዝን ቶሎ ፈታው። ታላቁን ኦዋይንን ግን 22 ዓመት አሰረው። አባታቸው በእስር ምን እንደሆነ እያወቀ! የዘመኑ አንድ ባለቅኔ ኦዋይን ይፈታ ብሎ ገጥሞለታል። ሰሚ አላገኘም። ሉዌሊን ታላቅ ሰው ነበር፤ በ1267 ሄንሪ ራሱ የዌልስ ልዑል ብሎ አውቆታል። ይህን ግን ይቅር ልለው አልችልም።

የፈታው ዳቪዝም አላረፈለትም። በ1274፣ ፌብሩዋሪ 2 ሌሊት፣ ሉዌሊንን ለመግደል ከሌላ የዌልስ መስፍን ጋር ዶለተ። ገዳዮቹን ያስቀራቸው የበረዶ ውሽንፍር ነው። ሴራው ሲታወቅ ዳቪዝ ወደ እንግሊዝ ሸሸ። አዲሱ ንጉሥ ኤድዋርድ 1ኛ ተቀበለው። ሉዌሊን፣ ጠላቴን ለሚያስጠጋ አልገብርም አለ። በ1277 ጦርነት ሆነ፣ ሉዌሊን ተሸነፈ። ኦዋይንም ያኔ ተፈታ።

ዳቪዝ ግን በኤድዋርድ ሽልማት አልረካም። በ1282፣ በሆሳዕና ዋዜማ ሌሊት፣ የእንግሊዞችን የሃዋርደን ምሽግ በድንገት መታ። ሊገድለው የዶለተበትን ወንድሙን አሁን ጦርነት ውስጥ አስገባው። በዚያው ዓመት ጁን ላይ የሉዌሊን ሚስት ኤሊነር ሴት ልጅ ወልዳ በወሊድ ሞተች። ዲሴምበር 11 ሉዌሊን ራሱ ኪልመሪ አጠገብ ተገደለ። ራሱን ቆርጠው ለንደን ወሰዱት።

ዳቪዝ ያን ሁሉ ዓመት የተመኘውን የዌልስ ልዑልነት ያገኘው ያኔ ነው። ለጥቂት ወራት። በ1283 ኦክቶበር ሽሩስበሪ ላይ በአሰቃቂ ሁኔታ ተገደለ።

ልጆቹስ? የሉዌሊን ሕፃን ግዌንሊያን ወደ እንግሊዝ ገዳም ተላከች። በ1337 እዚያው ሞተች። የዳቪዝ ሁለት ወንዶች ልጆች ብሪስቶል ምሽግ ታሰሩ። አንዱ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አረፈ። ሌላው፣ በአጎቱ ስም ኦዋይን የተባለው፣ ከታሰረ 20 ዓመት አልፎታል። በ1305 ኤድዋርድ ሌሊት ሌሊት በብረት በታሰረ የእንጨት ሣጥን ውስጥ እንዲዘጋበት አዘዘ።