ኢግሪጅየስ ብዬ ያመሰገንኳቸው መምህር

እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። ምን እንደማወራም በደንብ አላዘጋጀሁም። ፊቴ ያለው አንድ አሮጌ ደብተር ነው። ትናንት መደርደሪያ ሳጸዳ አገኘሁትና ቁጭ ብዬ ሳገላብጠው ሳቄም መጣ፣ አፈርኩም፣ በቃ ስለሱ ላውራ አልኩ።

የእንግሊዝኛ ቃላት ደብተር ነው። ታውቁታላችሁ፣ ገጹ መሃል ለመሃል በማስመሪያ ተሰምሮ፣ በግራ እንግሊዝኛው በቀኝ አማርኛው። አንድ ቃል፣ አንድ ትርጉም። በቀን 10 ቃል ብዬ ጀመርኩ። ሒሳቡ ደስ ይላል፣ በወር 300፣ በዓመት 3,650። እንግሊዝኛ እስከ ሁለት ዓመት የሚያልቅ ነገር መስሎኝ ነበር መሰለኝ። (ሳቅ)

እና ከመሃሉ አንዷ መስመር በቀይ ተሰምሮባታል። እንዲህ ትላለች፦ «ኢግሪጅየስ፣ ጎልቶ የሚታይ፣ የላቀ»። ቀዩ ኋላ የመጣ ነው። የመጣበትን ልንገራችሁ።

ያኔ በኢንተርኔት ኮርስ እወስድ ነበር፣ መምህሬ እንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱበት ሰው ናቸው። ለሥራ ማመልከቻ የድጋፍ ደብዳቤ ጻፉልኝ፣ በጣም ቆንጆ ደብዳቤ። እኔ ደግሞ ምስጋና መላክ አለብኝ። «ታንክ ዩ ፎር ዮር ሄልፕ» ብዬ ልልክ አልኩና፣ ኧረ በቀን 10 ቃል የሚያጠና ሰው እንደዚህ ብሎ አይጽፍም ብዬ ተውኩት። ደብተሬን ገለጥኩ። «የላቀ» የሚል ፈለግሁ፣ አገኘሁ። ከዚያ «ስላደረጉልኝ ኢግሪጅየስ እርዳታ ከልብ አመሰግናለሁ» ብዬ በእንግሊዝኛ ጻፍኩ፣ ሁለት ጊዜ አነበብኩት፣ ኮራሁ፣ ላክሁ።

በነጋታው መልስ መጣ። «ልትል የፈለግኸው ገብቶኛል፣ ግን ቃሉን እስቲ አንዴ መዝገበ ቃላት ላይ እየው» ይላል፣ መጨረሻው ላይ ፈገግ ያለች ምልክት አለች። አየሁት። ጎልቶ የሚታይ ማለቱ እውነት ነው። ግን የሚጎላው በመጥፎነቱ ነው! ኢግሪጅየስ ኤረር ይባላል፣ ስህተት፤ ኢግሪጅየስ ቫዮሌሽን ይባላል፣ ጥሰት። ወደኛ ቋንቋ ሲመጣ ቁርጥ «ዓይን ያወጣ» የምንለው ነው። ዓይን ያወጣ ውሸት፣ ዓይን ያወጣ ሌብነት። እኔ ሴትዮዋን «ስላደረጉልኝ ዓይን ያወጣ እርዳታ አመሰግናለሁ» ብያቸዋለሁ ማለት ነው።

በጣም የገረመኝ ግን ደብተሬ አልዋሸኝም። ቃሉ ከላቲን ነው የመጣው፣ ከመንጋው ተለይቶ የወጣ እንደማለት ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝኛም ውስጥ ለምስጋና ይውል ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ስድብ የዞረው። ስለዚህ ደብዳቤዬ ልክ ነው፣ ያው ከ400 ዓመት በላይ ዘግይቶ ነው የደረሰው።

ይሄን ነገር ለማንም ስነግር የምሰጠው ምሳሌ አለኝ። አማርኛ የሚማር የውጭ ሰው አለ እንበል። ደብተሩ ላይ «በከተ፦ ሞተ» ብሎ ጽፏል። ትርጉሙ ስህተት ነው? አይደለም፣ የበከተ ነገር ሞቷል። ታዲያ ይሄ ሰው አያትህ እንዳረፉ ይሰማና፣ ፊቱን አዝኖ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አያትህ በመበከታቸው በጣም አዝኛለሁ» ቢልህስ? (ሳቅ) ልቡ ንጹሕ ነው። ሰዋስውም አልሳተም። ግን «በከተ» ለእንስሳ እንደሆነ፣ ለሰው ሲሆን ስድብ እንደሆነ ደብተሩ አልነገረውም። እኔና እናንተ ይሄን ማንም አላስተማረንም። ቃሉን ብቻውን ሰምተነው አናውቅማ። ሁልጊዜ ከሆነ ዐረፍተ ነገር ጋር ነው የመጣልን።

ጄ. አር. ፈርዝ የሚባል እንግሊዛዊ የቋንቋ ሊቅ በ1957 (ዛሬ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ቃልን በባልደረቦቹ ታውቀዋለህ ብሎ ጽፏል። ከማን ጋር እንደሚውል እይ ነው ነገሩ። እኔ ግን 3,650 ቃል በዓመት ልሰበስብ ያሰብኩት አንዱንም ከነጓደኞቹ ሳላይ ነው።

ከዚያ ደብዳቤ በኋላ መዝገበ ቃላት እንዴት እንደሚሠራ ማንበብ ጀመርኩ፣ ከእፍረት የመጣ ጉጉት በሉት። እና ያገኘሁት ነገር ጭንቅላቴን ገለበጠው። እኔ የማስበው እንዲህ ነበር፦ ሊቃውንት ተሰብስበው ትርጉሙን ይወስናሉ፣ ከዚያ ለማስረዳት ያህል ምሳሌ ይጨምሩበታል። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 ያወጣው መዝገበ ቃላት ከ42,000 በላይ ቃላት አሉት፣ ጥቅሶቹ ግን 114,000 አካባቢ ናቸው። ሰውየው መጽሐፍ እያነበበ ቃሉ የገባበትን ዐረፍተ ነገር ያሰምራል፣ ረዳቶቹ ይገለብጡታል፣ እሱ ከዚያ ተነስቶ ትርጉም ይጽፋል።

የኦክስፎርዱ ደግሞ ይብሳል። የመጀመሪያው ክፍል በ1884 ወጣ፣ ሥራው የተጠናቀቀው በ1928 ነው። አዘጋጁ ጄምስ መሪ ለሕዝብ ጥሪ አደረገ፦ አንብቡ፣ ቃሉን ከነዐረፍተ ነገሩ በቁራጭ ወረቀት ጽፋችሁ ላኩ። ሰው ላከ። በሺዎች ከላኩት አንዱ ዊልያም ማይነር የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ነው፣ ብሮድሙር በሚባል የአእምሮ ሕሙማን ተቋም ውስጥ ሆኖ። (የሱ ታሪክ ራሱን የቻለ ክፍል ይወጣዋል፣ አንድ ቀን እመለስበታለሁ።) ወረቀቱ ሲከማች አዘጋጆቹ ይደረድሩታል፣ ያነቡታል፣ ከዚያ በኋላ ነው ትርጉም የሚጽፉት። ማለት፣ ፍቺው ከዐረፍተ ነገሮቹ የተጨመቀ ነው። እኔ ደግሞ የተጨመቀውን እንደገና ጨምቄ ሁለት የአማርኛ ቃል አደረግሁት። ከዚያ በኋላ ምን ጣዕም ይቀረዋል?

ለተማሪ ተብለው የተዘጋጁት መዝገበ ቃላት ይሄ ገብቷቸዋል። ሎንግማን በ1978 ያወጣው ፍቺዎቹን 2,000 ገደማ በሆኑ ቀላል ቃላት ብቻ ነው የጻፈው፣ ስለዚህ አንድ ቃል ለመረዳት አምስት ሌላ ቃል አትፈልጉም። እኔ ግን በጣም የምወደው በ1987 የወጣውን ኮቢልድ ነው። እሱ ፍቺውን ራሱ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ያደርገዋል። «አንድን ነገር እንዲህ ስትል እንዲህ ማለትህ ነው» በሚል ዓይነት ነው የሚያወራህ። ምሳሌዎቹም አዘጋጁ ከጭንቅላቱ የፈጠራቸው አይደሉም፣ ሰዎች በእውነት ከጻፉትና ከተናገሩት በኮምፒውተር ከተሰበሰበ ክምችት የወጡ ናቸው። እንግሊዝኛችሁ መካከለኛ ከሆነ ከእንግሊዝኛ አማርኛው ወደነዚህ መሻገር ያስፈራል፣ አውቃለሁ፣ እኔም ፈርቼ ነበር። ሁለት ሳምንት ያስቸግራል። ከዚያ ይለመዳል።

አሁን እንዴት እንደማጠና ልንገራችሁ፣ ምክር አይደለም፣ የኔን ነው የምላችሁ።

በሳምንት አምስት ቃል ቢበዛ። አዎ፣ ከ70 ወደ አምስት ወረድኩ። ቃሉን ሳነብ ወይ ስሰማ ካገኘሁት ብቻ ነው የምይዘው፣ ከዝርዝር አልወስድም። ያገኘሁበትን ዐረፍተ ነገር እንዳለ እገለብጣለሁ። መዝገበ ቃላቱ ላይ ፍቺውን አያለሁ፣ ሁለት ሦስት ምሳሌ አነባለሁ፣ ቃሉ አጠገብ ማን እየተደጋገመ እንደሚመጣ አያለሁ። ከዚያ የራሴን ዐረፍተ ነገር እጽፋለሁ፣ ከራሴ ሕይወት፣ እውነት የሆነ።

ይሄ የመጨረሻው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና። እኔ መጀመሪያ የምጽፋቸው ዐረፍተ ነገሮች ከንቱ ነበሩ። ሜቲኪዩለስ የሚለውን ያዙ፣ ለጥቃቅን ነገር ሳይቀር በጣም የሚጠነቀቅ ማለት ነው። «እሱ ሜቲኪዩለስ ሰው ነው» ብዬ ጻፍኩ። ሰዋስዉ ልክ ነው። ግን ቃሉን በጣታችሁ ሸፍኑትና አንብቡት። «እሱ ምንትስ ሰው ነው።» ረጅምም ይገባል፣ ሰነፍም ይገባል፣ ሟችም ይገባል። ዐረፍተ ነገሩ ስለ ቃሉ ምንም አያውቅም ማለት ነው። አሁን ይሄን ስሙ፦ «እህቴ ሻንጣ ስታዘጋጅ ሜቲኪዩለስ ናት፣ ካልሲዎቹን በቀለም ለይታ ትደረድርና ዝርዝሩን ሦስት ጊዜ ታረጋግጣለች።» ሸፍኑት። ሌላ ቃል ሊገባበት ቢሞክር ይቸገራል። እኔ መፈተኛዬ ይቺው ናት፣ ጣት።

ደግሞ የራሴ ሲሆን አይረሳኝም። ሪላክታንት የሚለውን፣ ማለት ልቡ እያመነታ ሳይወድ የሚያደርግ፣ በምን እንደያዝኩት ታውቃላችሁ? «የመምህሬን ቀጣይ ኢሜይል ለመክፈት ሪላክታንት ነበርኩ።» (ሳቅ) እስከዛሬ ቃሉን ስሰማ ሆዴ ቡጭ ይላል።

ስለ መርሳት ካነሳን፣ ሄርማን ኤቢንግሃውስ የሚባል ጀርመናዊ በ1885 ባሳተመው ጥናት ራሱን ነበር የፈተነው። ትርጉም የሌላቸው የፊደል ቁርጥራጮች እየሸመደደ ከስንት ጊዜ በኋላ ምን ያህሉ እንደሚጠፋው ይለካል። መጀመሪያ ላይ በፍጥነት ይጠፋል፣ ከዚያ ፍጥነቱ ይቀንሳል። ዛሬ ስልካችን ላይ ያሉት የካርድ መተግበሪያዎች፣ አንኪ ምናምን፣ ልትረሱት ስትሉ መልሰው የሚጠይቋችሁ በዚህ ምክንያት ነው። ጥሩ ናቸው፣ እጠቀማለሁ። ግን እዩት እስቲ፣ ሰውየው ሆን ብሎ የመረጠው ትርጉም የለሽ ነገር ነው፣ ቀድሞ ከሚያውቀው ነገር ጋር እንዳይያያዝ። የኔ ደብተር ላይ ያለው ኢግሪጅየስስ ከዚያ በምን ይለያል? ድምፅ ነው፣ ጎኑ ላይ ወረቀት የተለጠፈበት። ካርዱ ላይ ያንኑ ዓይነት ነገር ከጻፋችሁ መተግበሪያው ምን ያድርግ።

አንድ የሚያናድደኝ ነገር ልናገርና ልቀጥል። «ይሄን ማለት ተዉ፣ ይሄን በሉ» የሚሉ አጫጭር ቪዲዮዎች። ቲን አትበሉ፣ ስሊም በሉ፣ ስኪኒ በሉ። እንዴ! አማርኛ ላይ ቀጭን አትበል፣ ከሲታ በል ብባል እሺ እላለሁ? ቀጭን አለ፣ ሸንቃጣ አለ፣ ከሲታ አለ። አንዷን ልጅ ሸንቃጣ ብትላት ትስቅልሃለች፣ ከሲታ ብትላት ታኮርፍሃለች። ስሊም ወደ ሸንቃጣ ይጠጋል፣ ስኪኒ ብዙውን ጊዜ ወደ ከሲታ። ደረጃው ከፍ ያለ ቃል ማለት ተራውን የሚተካ ቃል አይደለም፣ ጠበብ ያለ ቦታ ያለው ቃል ነው። ፈረንጆቹም ራሳቸው ሲያወሩ አብዛኛውን ጊዜ ተራውን ነው የሚጠቀሙት።

ሌላው፣ ሁሉንም ቃል አፌ ላይ ማምጣት የለብኝም። ይሄን ለመቀበል ጊዜ ወስዶብኛል። ሳነብ ከገባኝ የሚበቁኝ አሉ፣ ኢግሪጅየስ ራሱ እንደዚያ ነው። እኔ ዳኛ አይደለሁ፣ ጋዜጠኛ አይደለሁ፣ የማንን ዓይን ያወጣ ጥፋት ልጽፍ ነው? በተቃራኒው ደግሞ ለትምህርት የምታነቡ ካላችሁ፣ አቬሪል ኮክስሄድ የምትባል ተመራማሪ በ2000 ያወጣችው ዝርዝር አለ፣ የትምህርት ጽሑፍ ውስጥ የሚደጋገሙ 570 የቃል ቤተሰቦች፣ ማለት አንድ ቃል ከእርባታዎቹ ጋር። ኮንሰፕት፣ አናላይዝ፣ ሲግኒፊካንት ዓይነት ናቸው። አያብረቀርቁም፣ ማንም ቪዲዮ አይሠራባቸውም፣ ግን በየገጹ የሚጠብቋችሁ እነሱ ናቸው። ከዝርዝር አልወስድም ብዬ የለ? ከዚህኛው ግን እያነበብኩ ያገኘሁትን ምልክት አደርግበታለሁ። ያው ራሴን ተቃረንኩ፣ ይሁን።

ደብተሩን አልጣልኩትም፣ መደርደሪያው ላይ መለስኩት። ከመምህሬ ጋር አሁንም አልፎ አልፎ እንጻጻፋለን። ባለፈው ወር አንድ ጽሑፌን አርመው ላኩልኝ፣ ብዙ ለፍተውበታል። ቁጭ አልኩ፣ አሰብኩ፣ «ታንክ ዩ ፎር ዮር ሄልፕ» ብዬ ብቻ ላክሁ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ መለሱ።

«ኢግሪጅየስ አልነበረም ማለት ነው?»