ክሩ ይበጠስ፣ ዶቃው ይትረፍ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ የተበጠሰ የዶቃ ሀብል እቤት ውስጥ እንዴት እንደሚጠገን እናውራ።

ዶቃው መሬት ላይ ሲበተን ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያነሣው መጥረጊያ ነው። እባካችሁ አትጥረጉ፣ በእጅ ልቀሙ። ክሩ ላይ የቀረውንም እንዳታወርዱት። ሰፌድ ላይ ነጭ ጨርቅ አንጥፉና እንዳለ አጋድማችሁ በስልክ ፎቶ አንሡት፤ ከየትኛው ቀጥሎ የትኛው እንደሚመጣ የምታነቡት ከዚያች ቁራጭ ነው። ጨሌ ከሆነ የጎደለውን ገምቱ፦ ዙሪያው ከዳር እስከ ዳር 2 ሚሊ ሜትር የሆነ ጨሌ በቀዳዳው አቅጣጫ ጠፍጠፍ ያለ ስለሆነ ክሩ ላይ በ1 ሴንቲ ሜትር 7 ያህል ይገባል፤ ለ45 ሴንቲ ሜትር ሀብል ከ300 ፍሬ በላይ ይፈጃል ማለት ነው።

ቀጥሎ የተበጠሰውን ጫፍ ወደ ብርሃን አቅርባችሁ እዩት። ለእኔ የሥራው ግማሽ እዚህ ነው፤ የሚዘለው ደግሞ ይሄው ነው። ጫፉ እንደ ጥጥ ሳስቶ ከተንጨባረረ ክሩ አርጅቷል፤ ላብና የፀጉር ቅቤ ጠጥቶ ደክሟል። በምላጭ እንደተቆረጠ ከሆነ ግን ጥፋቱ የክሩ አይደለም፣ አጠገቡ ያለው ዶቃ ቀዳዳ ስለት አለው። የብር ዶቃ ላይ ይሄ የተለመደ ነው። ስለቱን ሳታለሰልሱ አዲስ ክር ብታስገቡ እዚያው ቦታ ላይ መልሶ ይበጠሳል። ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት እንደ መርፌ አቅጥናችሁ ጠቅልሉና ቀዳዳው ውስጥ ደጋግማችሁ አዙሩት። የመስታወት ዶቃ ከሆነ በውኃ እያረሳችሁ ሥሩ፤ ብናኙ ለሳንባ አይበጅም። ከዚያ በለብታ ውኃና በትንሽ ሳሙና እጠቡት፤ በረኪና አይንካው። ቀዳዳው ውስጥ እርጥበት እንዳይቀር ጨርቅ ላይ አሳድሩት።

አሁን ወደ ክሩ እንምጣ። ጠንካራ ክር ሁሉ ጥሩ ክር አይደለም። ሰው አንዴ ሲበጠስበት ይናደድና ሽቦ ወይም የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ያስገባል። ሽቦ ቀዳዳውን ይገዘግዛል። ናይለን ቋጠሮው ይሾልካል፣ ሲቆይ ይደርቃል፤ እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ብርዳም አገር ደግሞ ግትር ብሎ አንገት ላይ አልተኛ ይላል። ዋናው ግን ሌላ ነው። ሀብሉ የበር እጀታ ላይ ሲያዝ ወይም ሕፃን ሲጎትተው የሆነ ነገር መልቀቅ አለበት። ክሩ አልለቅም ካለ ዶቃው ይሰነጠቃል፣ ወይም አንገት ይጎዳል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ዛሬ ጂቡቲ ውስጥ ካለው ከታጁራ ወደብ የሚነሣው ነጋዴ ሸቀጡን የሚያደርሰው አንኮበር ሥር፣ አልዩ አምባ ገበያ ነበር፤ የባሕር ማዶ ዶቃም በዚያ መንገድ ገብቷል። እኛ አገር ከአያት ሣጥን የሚወጣ አሮጌ ዶቃ ቢሰበር ምትኩን ከየትም አታመጡትም። ክር ግን የትም ሱቅ አለ።

ስለዚህ ተራ የልብስ ስፌት ፖሊስተር ክር፣ ድርብ አድርጋችሁ። ለ45 ሴንቲ ሜትር ሀብል በየጫፉ 15 ለመቋጠሪያ ጨምሩ፤ 75 ድርብ፣ ማለትም 1 ሜትር ተኩል ነጠላ ክር ይሆናል። በየዶቃው መካከል የምትቋጥሩ ከሆነ የዚህን እጥፍ ያዙ። ክሩን በንብ ሰም ላይ ሁለት ጊዜ ሳቡት፤ ንጹሕ የሰም ጧፍም ይሆናል። የፋብሪካ ሻማ ግን ይፈረፈርና ቀዳዳውን ይደፍናል። መርፌ የማያልፍበት ጠባብ ቀዳዳ ከሆነ የክሩን ጫፍ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል የጥፍር ቀለም ቀቡት፤ ሲደርቅ በሰያፍ ቁረጡት። ራሱ መርፌ ሆኖ ይገባል።

ስትደረድሩ ከመሀል ጀምራችሁ ወደ ሁለቱ ጫፍ ሂዱ፤ ትልልቁ ፍሬ እንዳይዛነፍ። መሀሉ ላይ መስቀል ካለ ክሩን በቀለበቱ ውስጥ ሁለት ጊዜ አዙሩት፤ አንዴ ብቻ ካለፈ በተንቀሳቀሳችሁ ቁጥር ይፈገፍገዋል።

ከመቋጠራችሁ በፊት ሁለቱን ጫፍ ለጊዜው አያይዙና ሀብሉን ምስማር ላይ ሰቅላችሁ አሳድሩት፤ ክሩ መሳቡን ይጨርሳል። ጠዋት 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ትታችሁ ቋጥሩ። ጭምቅ ተደርጎ የታሰረ ሀብል እንደ እንጨት ይገተራል፣ ዶቃውም እርስ በርሱ ይፋጫል። ቋጠሮው ቀኝን በግራ ላይ፣ ቀጥሎ ግራን በቀኝ ላይ ነው፤ የመጀመሪያውን ሁለት ጊዜ ጠምዝዙት፣ አይፈታም። ትራፊውን ክር በአራት አምስት ዶቃ ውስጥ መልሳችሁ አሳልፉና ቁረጡት። ቋጠሮው ላይ አንዲት ጠብታ የጥፍር ቀለም ይበቃል። ሱፐር ግሉ አታድርጉ፤ ክሩን ያደርቀውና ሙጫው ያለቀበት ቦታ ላይ ይሰበራል።

የተረፈውን ፍሬ በሌላ ክር ሰክታችሁ ከሀብሉ ጋር አስቀምጡ። አንድ ቀን በዶቃዎቹ መካከል ያለው ክፍተት ከተዋችሁት ሰፍቶ ካያችሁ ክሩ ተስቧል ማለት ነው፤ መበጠሱን ሳትጠብቁ ለውጡት።