ወረቀቱን በዋዜማው ላኩልን

የተከበራችሁ የመምሪያ ኃላፊዎች፣ የሰው ሀብት አስተዳደር ባለሙያዎች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፤ እንደምን አደራችሁ።

የኤሌክትሪክ ጥገና ባለሙያ ነኝ። ዲስሌክሲያ የሚባል የማንበብና የመጻፍ ችግርም አለብኝ። ሁለተኛውን እዚህ አዳራሽ ውስጥ የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው፤ ብዙዎቻችሁ የምታውቁኝ ለደብዳቤ መልስ በማዘግየት ነው። ዛሬ የምነግራችሁ ለምን እንደማዘገይና ምን ብታደርጉ እንደማላዘገይ ነው።

ዲስሌክሲያ የዓይን ሕመም አይደለም፤ የአእምሮ ዝግመትም አይደለም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1887 ስሙን ያወጣለት ሩዶልፍ በርሊን የሚባል ጀርመናዊ የዓይን ሐኪም ነው፤ ችግሩ ግን ዓይን ላይ አይደለም። አንጎል የንግግርን ድምፆች ነጥሎ ከፊደል ጋር የሚያገናኝበት መንገድ ላይ ነው ያለው። በዘር ይተላለፋል። እኔም ስሙን የሰማሁት ልጄን ለምርመራ ወስጄ፣ ባለሙያዋ ስለ ልጅቷ የምትጠይቀኝ ሁሉ ስለ እኔ ሲመስለኝ ነው። በጥሩ ትምህርት ንባቡ ይሻሻላል፤ ሰውየው ሲያድግ ግን ትቶት የሚሄድ ነገር አይደለም።

በ1896 ፕሪንግል ሞርጋን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ስለ አንድ የ14 ዓመት ልጅ በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ ጻፈ። ልጁ ፐርሲ ይባላል። 749ን በ867 አባዛ ሲሉት ፈጥኖ፣ ሳይሳሳት አባዛ። የገዛ ስሙን ሲጽፍ ግን ፊደሎቹን አቀያየራቸው። አስተማሪው ምን አለ መሰላችሁ? ትምህርቱ በሙሉ በቃል ቢሆን ኖሮ ከትምህርት ቤቱ ልጆች የሚበልጠው እሱ ነበር አለ። ይህ ከተጻፈ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እኛ ዛሬም ሠራተኛ የምንቀጥረው በጽሑፍ ፈተና ነው።

ወደ ራሳችን ልምጣ። በእንግሊዝኛ አንዱ ፊደል ብዙ ድምፅ አለው። ስለዚህ ዲስሌክሲያ ያለበት የእንግሊዝ ልጅ ጮክ ብሎ ሲያነብ ይሳሳታል፣ አስተማሪውም ይሰማዋል። የእኛ ፊደል እንዲህ አይደለም፤ «ሙ» የትም ቦታ «ሙ» ነው። 33ቱ በ7 ሲባዙ የሚመጡትን 231 ቅርጾች እንደምንም የያዘ ልጅ፣ ቢቆይም የተጻፈውን ያወጣዋል። እንደ ጣልያንኛና ጀርመንኛ ባሉ፣ እንደተጻፉ በሚነበቡ ቋንቋዎች የተደረጉ ጥናቶች የሚያሳዩትም ይህንኑ ነው፤ በእነዚህ ቋንቋዎች ዲስሌክሲያ ከስሕተት ይልቅ በዝግታ ነው የሚገለጠው። ስሕተትን ሰው ሰምቶ ያርማል። ዝግታን ግን ስንፍና ይለዋል፤ የሪፖርት ካርድ ላይም «ቢተጋ ይችላል» ተብሎ ይጻፋል።

የኔታዎች ግን ነገሩን ሳያውቁት አልቀሩም። ሀሁን በዜማ የያዘ ልጅ ፊደሉን ሳያይ ሊዘልቀው ስለሚችል ነው አቡጊዳን የሚያስከትሉት። ቅደም ተከተሉ ሲፈርስ ማን ፊደሉን እንደለየ፣ ማን ዜማውን ብቻ እንደያዘ ይታወቃል። እኔ ሀሁ ላይ የሚደርስብኝ አልነበረም። አቡጊዳ ላይ አለንጋ ቀመስኩ።

ዛሬም ቢሆን «ሱ» እና «ሲ» ያስቆሙኛል፤ ልዩነታቸው አንዲት ሰረዝ የእግሩ ወገብ ላይ ናት ወይስ ከታች ናት የሚለው ብቻ ነው። መጥበቅና መላላት ደግሞ ጭራሽ አይጻፍም። «ይመታል» የሚል ዓረፍተ ነገር ሲገጥመኝ ሰውየው መቺ ይሁን ተመቺ ለማወቅ እስከ መጨረሻው ሄጄ መመለስ አለብኝ። እናንተም ትመለሳላችሁ፤ ግን አይታወቃችሁም። ደረጃ ስትወጡ እግራችሁን አታዩም አይደል? እኔ እያንዳንዱን እርከን እያየሁ ነው የምወጣው። አራተኛ ፎቅ ስደርስ እናንተ ስብሰባውን ጀምራችኋል፣ እኔ ገና ትንፋሼን እሰበስባለሁ።

በዚህ ላይ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሆናል። በአማርኛ ዘግይቼ የማነበውን በእንግሊዝኛ ጭራሽ እየገመትኩ አነበብኩት። መሥሪያ ቤት ስገባም ጨረታው፣ የዕቃው መመሪያ፣ ኢሜይሉ ሁሉ በእንግሊዝኛ ሆኖ ጠበቀኝ።

ከሥራ ውጪም አለ። ባንክ ገብቼ የገንዘቡን ልክ «በፊደል» ጻፍ የሚለው ሳጥን ላይ ስደርስ፣ ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሲቁነጠነጥ ይሰማኛል። ለቅሶ ቤት የሟቹን የሕይወት ታሪክ አንብብ ብለው ሲጠሩኝ ድንኳኑን ዞሬ እወጣለሁ። እድራችን ውስጥ ጸሐፊ ይመረጥ በተባለ ቁጥር ስሜ ይነሣል፤ የተማረ ነው ይላሉ። «መነጽሬን ረስቼ መጥቼ ነው» የሚለውን ስንት ሰው ላይ እንደተጠቀምኩበት አልቆጥረውም፤ መነጽር ኖሮኝ አያውቅም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። አንዳንድ ሰው ሊያጽናናኝ ብሎ «አንስታይንም እኮ ነበረበት» ይለኛል። አንስታይን ዲስሌክሲያ እንደነበረበት ማስረጃ የለም። እንግሊዛዊው ባለሀብት ሪቻርድ ብራንሰን እንዳለበት ራሱ ተናግሯል፤ ሰውየው ቢሊየነር ስለሆነ ግን የእኔ ወርኃዊ ሪፖርት አይፈጥንም። ተሰጥዖ ነው ብላችሁ አታሞግሱኝ። ጊዜ ስጡኝ።

እስካሁን ያገዘኝ ነገር ቢኖር ስልኬ ነው። በ2017 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጉግል በድምፅ መጻፍን ለአማርኛ ከፈተ፤ እኔ እናገራለሁ፣ ስልኩ ይጽፋል፣ ከዚያ አርመዋለሁ። «ሀ»ንና «ሐ»ን መምረጥ የእሱ ጣጣ ሆነ። ኤጅ የሚባለው የማይክሮሶፍት ማሰሻ ደግሞ የአማርኛ ጽሑፍ ጮክ ብሎ ያነባል፤ መቅደስና አምሃ የሚባሉ ሁለት ድምፆች አሉት። ረዥም መመሪያ ሲመጣ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ሰክቼ መቅደስ ታነብልኛለች፣ እኔ በዓይኔ እከተላታለሁ። ሙዚቃ የምሰማ የመሰላችሁ አላችሁ፤ ይቅር ብያችኋለሁ።

ችግሩ የእናንተ ደብዳቤ ነው። ማኅተም ተመትቶበት፣ ስካን ተደርጎ ሲመጣ ለመቅደስ ፎቶግራፍ ነው፤ አንዲት ፊደል አታነብም። ስለዚህ ማኅተም ያለውን ስትልኩ ጸሐፊዋ የተየበችውን የወርድ ፋይልም አብራችሁ አያይዙ። ፋይሉ ኮምፒውተሯ ላይ አለ፤ ምንም ወጪ የለውም።

ስብሰባ ላይ የምንወያይበትን ወረቀት ደግሞ በዋዜማው ላኩልን። ጠረጴዛ ላይ አድላችሁ «አምስት ደቂቃ እንየው» ስትሉ፣ እኔና እኔን የመሰሉት ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ሳለን ውይይቱ ያልቃል። ዝም ያልነው ሐሳብ አጥተን አይደለም። ሳታስጠነቅቁም ተነሥተህ አንብብልን አትበሉ። ቃለ ጉባኤ የመያዝ ተራም ለሁሉም ይዳረስ ካላችሁ በምትኩ ሌላ ሥራ ስጡኝ፤ እየሰሙ መጻፍ ለእኔ ሁለቱንም ማጣት ነው። የተቃጠለ ሞተር ቢሆን ሌሊትም ቀስቅሱኝ።

የቅጥር ፈተናውን ነገር ሳልናገር አልወርድም። ለኤሌክትሪሺያን ቦታ የአንድ ሰዓት የእንግሊዝኛ ፈተና ስትሰጡ የምትለኩት የንባብ ፍጥነት ነው። ሽቦ መዘርጋት ከፈለጋችሁ ሽቦ አዘርጉት። ጽሑፍ የግድ ከሆነ ጊዜ ጨምሩ፤ እንግሊዝ አገር ዲስሌክሲያ ላለባቸው ተፈታኞች ብዙ ጊዜ ከመቶ 25 ይጨመርላቸዋል፣ በአውሮፓ አቆጣጠር የ2010ሩ የእኩልነት ሕጋቸውም አሠሪው ተመጣጣኝ ማስተካከያ እንዲያደርግ ያስገድዳል። የእኛ አዋጅ ቁጥር 568/2000 የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት ይደነግጋል። ዲስሌክሲያን በስም አይጠራም፤ ይህን ለማስገባት መከራከር የሕግ ክፍሎች ድርሻ ነው። የወርድ ፋይል ለማያያዝ ግን አዋጅ አያስፈልጋችሁም።

የሰው ሀብት ባለሙያዎች፣ ለእናንተ የምጨምረው ይህን ነው፦ «ዲስሌክሲያ ያለበት እጁን ያውጣ» ብላችሁ እንዳትጠይቁ፤ ማንም አያወጣም። ያልኳችሁን ለሁሉም ሠራተኛ አድርጉት፤ የሚጠቅመው ሰው ስሙን ሳይናገር ይጠቀምበታል።

አሁን የጥያቄ ሰዓት ነው። አስተባባሪዎቹ ጥያቄያችሁን በብጣሽ ወረቀት እንድትልኩ ማሰባቸውን ዐውቃለሁ። እባካችሁ ማይኩን ተቀባበሉ።