ብልቃጡ እስኪከፈት

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዴት ሰነበታችሁ። እዚህ ሐዋሳ ማታ ማታ ከሐይቁ በኩል ነፋስ ይነሣል፤ በመሐል መስኮት ሲንኳኳ ከሰማችሁ እሱ ነው። ልጄን አስተኝቼ ከአጠገቧ ሆኜ ነው የምቀዳው። ድምፄን ዝቅ ያደረግሁትም ለዚያ ነው።

ማክሰኞ ዕለት ለኩፍኝ ክትባት ይዣት ወጥቼ ነበር። ዘጠኝ ወር ሞላት። ጤና ጣቢያው ስሙ ይቅር፣ ምክንያቱም የምነግራችሁ ነገር የአንድ ቤት ጉዳይ አይደለም። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ስንደርስ ወረፋ የለም። ደስ አለኝ። ሲስተሯ ካርዷን አየች፣ ልጅቷን አየች፣ ቀና ብላ ኮሪደሩን አየችና "ሌላ ልጅ ይዞ የመጣ የለም እንዴ?" አለችኝ። የለም። "እንግዲያው ሐሙስ ነይ። አንዱ ብልቃጥ ለአሥር ልጅ ነው፤ ላንቺ ልጅ ብዬ ከከፈትኩት የቀረው ይጣላል።" ካርዱ ላይ "ሐሙስ" ብላ ጽፋ መለሰችልኝ።

በር ላይ ቆሜ ያችን ጽሑፍ ሳያት ሌላ ካርድ ትዝ አለኝ። የአባቴ ካርድ። ዛሬ ስለ ኮሮና ክትባት የማወራው በዚያ ምክንያት ነው። አሁን ማን ስለ ኮሮና ያወራል እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እኔ ግን ያን ጊዜ ያልጨረስነው ነገር እንዳለ ይሰማኛል።

አባቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ስኳር አለበት። በ2013 ዕድሜው 67 ነበርና ሬዲዮ ላይ "አረጋውያንና ተጓዳኝ ሕመም ያለባቸው" በተባለ ቁጥር እናቴ ወደ እሱ ታያለች፣ እሱ ወደ መሬት ያያል። አንድ ዓመት ሙሉ ከቤት አልወጣም ማለት ይቻላል። ፍቅር ሐይቅ ሄዶ ከጓደኞቹ ጋር መቀመጥ የሚወድ ሰው፣ ግቢው ውስጥ ያለችውን አቮካዶ እየዞረ ነበር የሚውለው።

አገራችን ውስጥ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነው። ክትባቱ የተጀመረው መጋቢት 4 ቀን 2013፣ ልክ በዓመቱ፣ አዲስ አበባ የካ ኮተቤ ሆስፒታል። ከዚያ ቀደም ብሎ የካቲት 28 ቀን ቦሌ የደረሰው የመጀመሪያው ጭነት 2 ሚሊዮን 184 ሺህ ዶዝ ነበር፤ ሕንድ አገር የተመረተ አስትራዜኒካ የተባለው ክትባት፣ ለአገሮች ክትባት ለማዳረስ በተቋቋመው ዓለም አቀፍ ጥምረት በኮቫክስ በኩል የመጣ። ቁጥሩ ሲነገር ብዙ ይመስላል። ግን አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ነው የሚወጋው። ለሁለት ስታካፍሉት አንድ ሚሊዮን ከትንሽ በላይ ሰው ይሆናል። እኛ ደግሞ ከመቶ ሚሊዮን በላይ ነን። ከመቶ ሰው ለአንዱ ማለት ነው። መጀመሪያ የጤና ባለሙያዎች፣ ቀጥሎ ሽማግሌዎችና ሕመምተኞች ቢባል ማንም አይቃወምም፤ ትክክልም ነበር።

አባቴ በሚያዝያ ወረፋ ያዘ። አብሬው ሄጃለሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ሰልፍ አላየሁም። ነጠላ የለበሱ እናቶች፣ ከዘራ የያዙ፣ በልጆቻቸው ተደግፈው የመጡ። እርስ በርሳቸው ቦታ ይጠባበቃሉ፣ "እርስዎ ይቅደሙ" ይባባላሉ። የፈራ አልነበረም። ፈርተው ከነበረም በሽታውን ነበር የሚፈሩት። አባቴ የሸሚዙን እጅጌ ሰቅሎ ክንዱን ሲሰጥ ዓይኑን ጨፈነ። ሲጨርስ ትንሽ ካርድ ሰጡት፤ የሁለተኛው ዙር ቀን ተጽፎበታል። አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከመታወቂያው ጋር ከተተው።

የቀጠሮው ቀን ክረምት መግቢያ ላይ ነበር። ሄድን። "አልመጣም።" ከሁለት ሳምንት በኋላ ሄድን። "አልመጣም፣ ሲመጣ እንደውላለን።" ሦስተኛ ጊዜ ብቻውን በባጃጅ ሄደ፤ ዝናብ መትቶት ተመለሰ። ያን ቀን ካርዱ ረጥቦ የቀኑ ጽሑፍ ደብዝዞ ነበርና እናቴ ምጣዱ አጠገብ ዘርግታ አደረቀችው።

የሆነውን በኋላ ነው የተረዳሁት። በመጋቢት አጋማሽ አካባቢ ሕንድ ውስጥ ወረርሽኙ እንደ ሰደድ እሳት ሲነሣ፣ መንግሥታቸው ክትባቱ ከአገር እንዳይወጣ ያዘው። የገዛ ሕዝባቸው እየሞተ ነው፤ እኔ በበኩሌ አልፈርድባቸውም። የምፈርደው ሌላ ቦታ ነው። በዚያው ጊዜ ካናዳን የመሰለ አገር ለሕዝቡ ከሚበቃው ብዙ እጥፍ አዝዞ ነበር። ኮቫክስ ደግሞ ለድሃ አገሮች ዋና ተስፋውን በአንድ የሕንድ ፋብሪካ ላይ ጥሎ ነበር። የዚያ ፋብሪካ ጭነት ሲቆም አዲስ አበባም ቆመ፣ ሐዋሳም ቆመ፣ የአባቴም ኪስ ውስጥ ያለው ቀጠሮ ቆመ።

አሁን ልናገር የፈለግሁት ነገር ይኸውላችሁ። "ሕዝቡ ክትባት እምቢ አለ፣ ወሬ አመነ" ሲባል በጣም ይከፋኛል። እኔ ያየሁት ቅደም ተከተሉ እንደዚያ አይደለም። ወሬው የገባው በመጠበቂያው ጊዜ ነው። ሰው ለምኖ ካጣ በኋላ ነው።

በእርግጥ ዘሩ ቀድሞ ተዘርቷል። እኛ ክትባት ከመጀመራችን ሁለት ቀን በፊት ዴንማርክ በደም መርጋት ስጋት ያንኑ አስትራዜኒካ ለጊዜው አቆመች፣ ሌሎች የአውሮፓ አገሮችም ተከተሏት። በሳምንቱ የአውሮፓ መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ጥቅሙ ከጉዳቱ ይበልጣል ብሎ ነበር። እኛ ሰፈር ግን የደረሰው የመጀመሪያው ወሬ እንጂ ማስተባበያው አይደለም። እንዲያም ሆኖ በሚያዝያ ያን ሰልፍ አይቻለሁ። ሰዉ ወሬውን ሰምቶ ነው የተሰለፈው።

በሐምሌና በነሐሴ ነው ነገሩ የተለወጠው። ቡና ላይ "አንዴ የወሰደ ሁለተኛውን ካላገኘ ይብስበታል" ተባለ። ከዚያ "መካን ያደርጋል"። ከዚያ "በሁለት ዓመት ውስጥ ይሞታሉ"። ስድስት መቶ ስድሳ ስድስት ነው ያሉም ነበሩ። ጎረቤታችን እትዬ፣ እኔን ያሳደጉኝ ሴት ናቸው፣ አባቴን "ቀድመህ ባትቸኩል ኖሮ" አሉት። ክፋት የለባቸውም፣ ስለሚወዱት ነው። መልስ የሚሰጣቸው ሰው አልነበረም። መልስ መስጠት የነበረበት ያ ሁለተኛው መርፌ ነበር፣ እሱ ደግሞ የለም። ባዶ ሜዳ ላይ ወሬ ምን ይከለክለዋል?

ስለ እትዬ ካነሣሁ አይቀር፤ አንገታቸው ላይ በቆዳ የተሰፋ ክታብ አለ፣ ከእናታቸው የወረሱት። አንድ ቀን አባቴ "ክታብና ክትባት እኮ ስማቸው እንኳ ዘመዳሞች ናቸው፣ ሁለቱም ሰው እንዳይነካ ነው" አላቸው። እትዬ ክታቡን በጣታቸው ይዘው ብዙ አሰቡና "ክታቡን የጻፉት አባት እቤታችን መጥተው፣ እናቴን ስሟን ጠይቀው ነው የጻፉት" አሉት። እኔ ይህን አባባላቸውን እስከ ዛሬ ይዤዋለሁ።

አባቴ ሁለተኛውን ያገኘው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ከዚያ ሰሞን ጀምሮ ክትባቱ በብዛት ይመጣ ጀመር፤ ጆንሰኑም፣ ሲኖፋርሙም፣ ፋይዘሩም። ኅዳር 7 ቀን 2014 አገር አቀፍ ዘመቻው ተጀመረ፣ ከ12 ዓመት በላይ ለሆነ ሁሉ። ሰው ሲለምን ክትባት አልነበረም፤ ክትባት ሲለምን ሰው አልነበረም። በዚያን ጊዜ ማስክ የሚያደርግ እንኳ ጠፍቷል፣ ሠርጉም ለቅሶውም ሞልቷል፣ አገሩ ደግሞ ጦርነት ላይ ነው፣ የሁሉም ልብ ሌላ ቦታ ነው።

በዚያ ዘመቻ አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ የእኛን በር አንኳኳች። ወጣት ናት። በትከሻዋ ሰማያዊ የክትባት ሳጥን አንጠልጥላለች፣ በእጇ መዝገብ ይዛለች፣ ጫማዋ አቧራ ለብሷል። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ ነው። "አንድ ሰው እንኳ ካለ እከፍታለሁ" አለች። እኔ ተራዬ ገና ስላልነበር እስከዚያ ቀን አልወሰድኩም ነበር፤ ወንበር አወጣሁና ተቀመጥኩ። ሳጥኑን ስትከፍተው በበረዶው እሽግ መሐል ትንሿ ብልቃጥ ቆማለች። ከፈተቻትና ከመውጋቷ በፊት እስክሪብቶ አውጥታ የብልቃጧ ወረቀት ላይ ሰዓት ጻፈች። ምን ማለት ነው አልኳት። "ከተከፈተች ስድስት ሰዓት ነው ያላት። አሥር ሰው አገኛለሁ፣ ወይ ትጣላለች።"

እኔ አንድ ሆንኩ። ዘጠኝ ቀረ።

ነጠላዬን ጣል አድርጌ ተከተልኳት። ወንድሜን ከእንቅልፉ ቀስቅሼ ሁለት አደረስን። እናቴ ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ሦስት። ጥግ ላይ ያለው ባለሱቅ ደንበኛ እያስተናገደ በግራ ክንዱ አራት። ሁለት የባጃጅ ልጆች "ያማል ወይ?" እየተባባሉ አምስትና ስድስት። ግቢያችን ውስጥ የሚከራዩ ፋብሪካ የሚሠሩ ልጆች አሉ፤ አንዷ ወሰደች፣ ሰባት። ጓደኛዋ ግን "ነገ ትኩሳት ከያዘኝ ከሥራ እቀራለሁ፣ የቀረሁበት ደግሞ ይቆረጣል" አለች። ሲስተሯ አልተቆጣቻትም። "ዕረፍትሽ መቼ ነው?" ብላ ጠይቃ መዝገቧ ጥግ ላይ ጻፈችው። እኔ ያን ሰዓት የተረዳሁት፣ እምቢ ያለ ሁሉ ወሬ ያመነ አለመሆኑን ነው።

እትዬ ጋ ስንደርስ ስምንት ሰዓት አልፏል። ሲስተሯ በር ላይ ጫማዋን አራግፋ ገባች፣ ተቀመጠች፣ ቡናውን ጠጣች። ክትባት አላነሣችም። ስማቸውን ጠየቀቻቸው፣ የትውልድ አገራቸውን ጠየቀቻቸው፣ ስለ ደም ግፊታቸው ጠየቀቻቸው። ሁለተኛው ስኒ ላይ እትዬ ራሳቸው "በይ ያንን ነገርሽን አምጪው" አሉ። ስምንት።

ከዚያ በኋላ ሰው አጣን። አራት በር ዞርን፣ አንዱ ተከተብኩ አለ፣ አንዱ ውሻ ለቀቀብን፣ ሁለቱ ዝግ ነበሩ። አሥር ሰዓት ሲሆን እኛ ደጃፍ ተመልሰን ቆምን። ብልቃጧን ወደ ብርሃኑ አንሥታ አየቻት። ታች ላይ ትንሽ ፈሳሽ ይታያል። የሁለት ሰው ነው።

አባቴ ከአቮካዶዋ ሥር ተቀምጦ ሲያየን ነበር። "ያ የቀረው ምን ይሆናል?" አላት። "ይጣላል አባባ።" ዝም አለ። ከዚያ እጅጌውን መስቀል ጀመረ። "ለእኔ አይሆንም?" "የእርስዎ ጊዜ ገና ነው አባባ" አለችው። እጅጌውን መልሶ አወረደው፣ ቁልፉንም ቆለፈ። ሁለት ወር ሙሉ ኪሱ ውስጥ ካርድ ይዞ አንዲት ጠብታ የጠበቀ ሰው ነው።

በመንግሥት መዝገብ አገራችን ውስጥ በኮሮና የሞተው ከ7,500 በላይ ሰው ነው። ሚያዝያ 27 ቀን 2015 የዓለም ጤና ድርጅት አስቸኳይ ጊዜው አብቅቷል አለ። ዘመቻው ስንት ሰው ደረሰ የሚለው በየጊዜው በሚሊዮን ይነገረን ነበር፣ እኔም ስሰማው ደስ ይለኝ ነበር፤ ብዙ ሥራ ተሠርቷል፣ ያችን ሳጥን ያንጠለጠለች ልጅ በዓይኔ አይቻለሁ። ግን ሚሊዮኑ የሚቆጠረው በአሥር በአሥር ነው፣ ብልቃጥ በብልቃጥ።

የኩፍኙም ብልቃጥ እንደዚያው ነው። ከተበጠበጠ በኋላ ስድስት ሰዓት ነው ያለው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ልጅም ቢሆን ይከፈት ይላል፤ የዘጠኝ ልጅ ክትባት ቢባክንም እንኳ አንድ ልጅ ሳይከተብ ባይመለስ ይሻላል። የጤና ጣቢያዋ ሲስተር ግን ስለባከነው የምትጠየቀው እሷ እንደሆነች ታስባለች፣ ሳጥኑ ውስጥ ያለውን የምታውቀውም እሷ ናት። ላወግዛት አልፈልግም። እኔ ለጤና ጣቢያው ቅርብ ነኝ፣ ሐሙስ መመለስ አያቅተኝም። ከሩቅ ቀበሌ ልጇን አዝላ፣ ገበያ ቀኗን ትታ የመጣች እናት ግን "ሐሙስ ነይ" ስትባል ትመለሳለች ወይ? ኢትዮጵያ አንድም ክትባት ያላገኙ ሕፃናት ከሚበዙባቸው የዓለም አገሮች አንዷ ናት። ሁሉም እናቶች እምቢ ብለው ይመስላችኋል?

ረቡዕ ማታ ስልኬን ይዤ ተቀመጥኩ። አብረውኝ የወለዱትን፣ የወንድሜን ሚስት፣ ገበያ የማውቃትን ቲማቲም ሻጭ ጠራሁ። የቲማቲም ሻጯ ልጅ አሥራ አንድ ወሩ ነው፤ ሁለት ጊዜ ሄዳ ሁለት ጊዜ መልሰዋታል፣ ከዚያ ትታዋለች።

ሐሙስ ጠዋት አምስት ሆነን ገባን። ሲስተሯ ኮሪደሩ ላይ አየችንና ሳቀች። ገና ሳንቀመጥ ፍሪጁን ከፈተች፣ ብልቃጡን አወጣች፣ በጠበጠችው፣ ከዚያ እስክሪብቶዋን ከደረት ኪሷ መዝዛ ወረቀቱ ላይ ሰዓቱን ጻፈች። ሦስት ሰዓት ከሩብ። የቲማቲም ሻጯን ልጅ አስቀደምነው።