ፊልምና ቴአትር በአንድ ጣሪያ ሥር፦ ለማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣
ጥሪያችንን አክብራችሁ የተገኛችሁ እንግዶች፣
ክቡራትና ክቡራን፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤያችን እንኳን በሰላም መጣችሁ እላለሁ። ያለፈው ዓመት የሥራና የሒሳብ ሪፖርት በየኃላፊዎቹ በዝርዝር ስለሚቀርብላችሁ እኔ ወደዚያ አልገባም። የተሰጠኝን ጊዜ በመጪው ዓመት በአዳራሻችን ስለሚታዩት ፊልሞችና በመድረካችን ስለሚቀርቡት ሥራዎች፣ በተለይም ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው ሁለቱን ጎን ለጎን ለማስኬድ ለምን እንደወሰነ ለማስረዳት እጠቀምበታለሁ።

በዓመቱ ውስጥ ከአባላት ደጋግሞ የቀረበልን ሐሳብ ፊልሙን አብዝተን ቴአትሩን እንቀንስ የሚል ነበር። ሐሳቡ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ፊልም ለማሳየት አንድ ሰው ፕሮጀክተሩ ጋ፣ ሁለት ሰው ደግሞ ትኬት መቁረጫውና በሩ ላይ ካሉ ይበቃል፤ አንድ ሙሉ ተውኔት ለመድረክ ለማብቃት ግን ተዋንያኑን፣ አዘጋጁን፣ የመብራትና የድምፅ ባለሙያዎቹን፣ ልብስ ሰፊዎቹንና አናጢዎቹን ጨምሮ ብዙ ሰው ለወራት ምሽቱን ይሰጣል። ይህን ልዩነት ጠንቅቀን እያወቅን ነው የመድረኩን ሥራ ላለመቀነስ የወሰንነው። ፊልሙን እኛ ባናሳየው ሌላ አዳራሽ ያሳየዋል፤ በዚህ መድረክ የሚሠራውን ተውኔት ግን እኛ ካልሠራነው ማንም አይሠራውም።

ይህን ስል ፊልሙ ለቴአትሩ ገንዘብ ማስገኛ ብቻ ነው ማለቴ እንዳይመስላችሁ። ፊልምን በግድግዳ ላይ ለሕዝብ ካሳዩት ከፈረንሳውያኑ የሉሚዬር ወንድማማቾች በፊት የነበረው የአሜሪካዊው ፈጣሪ የኤዲሰን ኪኔቶስኮፕ አንድ ሰው ብቻ አጎንብሶ በቀዳዳ የሚመለከትበት ሳጥን ነበር። ወንድማማቾቹ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 28 ቀን 1895 በፓሪስ ግራን ካፌ ምድር ቤት የመጀመሪያውን የክፍያ ትዕይንታቸውን ሲያሳዩ ከፍሎ የገባው ሰው 33 ብቻ እንደነበር ይነገራል፤ ነገር ግን እነዚያ የማይተዋወቁ ሰዎች በአንድ ጨለማ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው አንዱን ምስል እኩል አዩት። ዛሬ ፊልም ተመልሶ የአንድ ሰው ዕይታ እየሆነ ባለበት ጊዜ፣ ጥቂት ሰው የሚይዝ አዳራሽ ያንን የጋራ ዕይታ ጠብቆ ማቆየቱን እንደ ትንሽ ሥራ አልቆጥረውም።

አሁን ስለ አዳራሻችን ድምፅ ሰፋ አድርጌ ልናገር፤ የመጪው ዓመት ትልቁ ለውጥ የመጣው ከዚህ ነውና። ባለፈው ተውኔታችን የመክፈቻ ምሽት ከኋላ በሦስተኛው ረድፍ የተቀመጡ አንዲት እናት የመጀመሪያው ገቢር እስኪያልቅ ድረስ መዳፋቸውን ከጆሯቸው ጀርባ አድርገው፣ አንገታቸውን አስግገው ሲከታተሉ አይቻለሁ። በዕረፍቱ ሰዓት ጠጋ ብዬ ብጠይቃቸው ግማሹን እንዳልሰሙት ነገሩኝ። ተዋንያኑ ግን በልምምድ ጊዜ ይናገሩበት ከነበረው ድምፅ ቅንጣት አልቀነሱም ነበር።

ምክንያቱን ዋላስ ሳቢን የተባለው የሃርቫርድ ፊዚክስ መምህር ከመቶ ዓመት በፊት አጥንቶታል። እ.ኤ.አ. በ1895 ይህ ሰው የተናጋሪ ድምፅ ከአምስት ሰከንድ በላይ እየተስተጋባ ንግግር የማይሰማበትን አንድ የትምህርት አዳራሽ እንዲያስተካክል ተጠየቀ። ሳቢንም ሌሊት ሌሊት በአቅራቢያው ካለ ቴአትር ቤት የመቀመጫ ትራሶች እያስመጣ፣ አንድ የኦርጋን ቧንቧና የሰከንድ መቁጠሪያ ይዞ፣ ትራሱ በጨመረ ቁጥር ድምፁ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚሞት ለካ። በአዳራሹ የተቀመጠ ሰውም፣ ከነልብሱ፣ እንደ ትራሱ ሁሉ ድምፅ እንደሚውጥ አረጋገጠ። ዕውቀቱ እ.ኤ.አ. በ1900 ለተከፈተው የቦስተን ሲምፎኒ አዳራሽ ንድፍ ውሏል።

የእኛም ተዋንያን የተለማመዱት ባዶ ወንበሮችና ባዶ ግድግዳ ድምፃቸውን መልሰው በሚያቀብሏቸው አዳራሽ ነበር፤ በመክፈቻው ምሽት ግን ሰዉ ገብቶ ያንን ድምፅ ዋጠው። ስለዚህ ከመጪው ተውኔት ጀምሮ የመጨረሻዎቹ ሦስት ልምምዶች ለአባላት ክፍት ይሆናሉ። ሰው የምንጠራው ለማጨብጨብ ሳይሆን ወንበር እንዲሞላና ከየትኛው ረድፍ ጀምሮ እንደማይሰማ እንዲነግረን ነው። በተጨማሪም በግራና በቀኝ ያሉት ወፍራም መጋረጃዎች በፊልም ምሽት ይዘረጋሉ፣ በቴአትር ምሽት ይሰበሰባሉ። ፊልም ድምፁን ተቀርጾና ተመጥኖ ይዞ ስለሚመጣ ግድግዳው ምንም ባይጨምርበት ይመረጣል፤ ማይክራፎን የሌለው ተዋናይ ግን ከግድግዳው ጥቂት እርዳታ ይሻል።

ከፊልሞቹ መካከል እኔ አብልጬ የምጓጓለት በመድረካችን ሙዚቀኞች ታጅቦ የሚታየው ድምፅ አልባ ፊልም ነው። ድምፅ ያለው ፊልም በሰከንድ 24 ምስል እንዲሄድ ተወስኗል። ከዚያ በፊት የነበሩት ግን በእጅ በሚዞር ካሜራ ስለተቀረጹ ፍጥነታቸው ይለያያል፤ ብዙ ጊዜም ከዚያ ያነሰ ነው። ሰዎቹ ሲሮጡ፣ ሐዘንተኛው ሳይቀር ሲጣደፍ የምናየው ፊልሙ ከተቀረጸበት ፍጥነት በላይ ስለሚጫወት እንጂ ድሮ የተሠራው እንዲያ ሆኖ አይደለም። እኛ በትክክለኛው ፍጥነቱ የሚሄድ ቅጂ መርጠናል፤ ሙዚቀኞቹም ምስሉን እያዩ መለማመድ ጀምረዋል። በዚያ ምሽት ፊልሙና መድረኩ አንድ ላይ ይሠራሉ።

አንድ ጥፋትም በግልጽ መናገር አለብኝ። ባለፈው ዓመት ወንበሩ ሞልቶ ሳለ አንድ ፊልም ማሳየት ሳንችል ቀርተናል። ዛሬ ፊልም የሚመጣልን ተመስጥሮ ነው፤ የሚከፈተውም ለአንድ አዳራሽ መሣሪያ ብቻ ተለይቶ በተሠራ፣ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ሰዓት በተወሰነለት ዲጂታል ቁልፍ ነው። ከትዕይንቱ ሳምንት በፊት ፊልሙን የሚያጫውተውን የተበላሸ ኮምፒውተር (ሰርቨር) ቀይረን ነበር፤ አከፋፋዩ ግን ቁልፉን የላከልን ለአሮጌው ነው፣ ምክንያቱም መቀየራችንን አላሳወቅነውም። ከእንግዲህ እያንዳንዱ ፊልም የቁልፉ ሰዓት እንደጀመረ ከተመልካች በፊት ተከፍቶ ይሞከራል፤ መሣሪያ በተነካ ቁጥርም በዚያው ቀን ለአከፋፋዮች ይጻፋል። በዚያ ምሽት መጥታችሁ የተመለሳችሁትን ሁሉ በማኅበሩ ስም ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ቀሪውን ባጭሩ ላንሳ። ለሕፃናት የሚቀርቡት ትዕይንቶች ከሰዓት በኋላ ይሆናሉ፤ ከዘጋቢ ፊልሞቹ በኋላ ውይይት ይኖራል። የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ እ.ኤ.አ. በ2006 ትዕይንቶቹን በቀጥታ ወደ ሲኒማ ቤቶች ማስተላለፍ ከጀመረ ወዲህ የተስፋፋውን የመድረክ ሥርጭትም በጥቂቱ እንሞክራለን፤ ነገር ግን የራሳችን ተውኔት በሚታይበት ሳምንት አይሆንም። ተውኔት የምትመርጡ አባላትም መግቢያው ነፃ መሆኑ ብቻውን ከደራሲው ፈቃድ ነፃ እንደማያደርገን አስታውሱ፤ የደራሲያንን መብት የሚያስጠብቀው ዓለም አቀፍ የበርን ስምምነት ለአብዛኞቹ የድርሰት ሥራዎች የሚሰጠው ጥበቃ ደራሲው ካረፈ በኋላ ቢያንስ 50 ዓመት ይቆያል። በመተላለፊያ ላይ ተጨማሪ ወንበር መደርደርም ፈጽሞ ቀርቷል። እ.ኤ.አ. በ1903 በቺካጎው ኢሮኮይ ቴአትር እሳት ከ600 በላይ ሰዎች ያለቁት በሮቹ ተቆልፈው ወይም መውጫው ጠፍቷቸው ነው፤ እኛ ለአምስት ሰው ቦታ ብለን ያንን አደጋ አንጋብዝም።

በመጨረሻም፣ አሁን በጣም የጎደለን የመድረክ አስተባባሪ ነው። ጨለማ ውስጥ ቆሞ፣ ጽሑፈ ተውኔቱን በትንሽ መብራት እየተከተለ፣ «መብራት፣ ተዘጋጅ» ብሎ ጠብቆ በትክክለኛዋ ቃል ላይ «ሂድ» የሚል፣ ከታዳሚው አንድም ሰው የማያየው ሰው እንፈልጋለን። የሙያው ልምድ ያላቸው ሁለት አባላት ለማስተማር ፈቃደኛ ሆነዋል፤ መዝገቡም ከአዳራሹ መግቢያ ጠረጴዛ ላይ ስላለ ከጉባኤው በኋላ ስማችሁን እንድታስመዘግቡ እጠይቃለሁ።

አሁን የትዕይንት ኮሚቴው የወራቱን መርሐ ግብር እንዲያቀርብ እየጋበዝኩ፣ ዓመታዊ ጉባኤያችን በይፋ መከፈቱን አበሥራለሁ። አመሰግናለሁ።