በኩምብ ሰሞን ባቡር ለምትሳፈሩ

የተከበራችሁ ወላጆች፣ ውድ ተማሪዎች፤

የተጋበዝኩት ስለ ህንድ ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት አሰጣጥ እንድናገር ነበር። ከእኔ የተሻሉ ተናጋሪዎች ስላሉ፣ የደረሰኝን ጊዜ ለባቡር ላውለው ነው። ትምህርቱን የሚያስተምር መምህር ታገኛላችሁ፤ ባቡር መሳፈርን ግን ማንም አያስተምራችሁም። ዘመኑን የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ እዚያ የምትኖሩት በእሱ ነውና።

ሂንዱዎች በፕራያግራጅ፣ በሃሪድዋር፣ በኡጃይንና በናሲክ በየተራ ወንዝ ወርደው የሚታጠቡበት በዓል ኩምብ ሜላ ይባላል። ቀኑ የሚቆረጠው በጁፒተር፣ በፀሐይና በጨረቃ አቀማመጥ ነው። በ2027 የናሲክ፣ በ2028 የኡጃይን ተራ ስለሆነ፣ ብዙዎቻችሁ ትምህርታችሁን ሳትጨርሱ ይደርስባችኋል። በ2025 በፕራያግራጅ በ45 ቀናት ከ660 ሚሊዮን በላይ ሰው ታጠበ ብሎ የግዛቱ መንግሥት ተናግሯል። ቆጠራው ያከራክራል፤ ነገር ግን ግማሹን ብትጥሉለት እንኳ ከኢትዮጵያ ሕዝብ ሁለት እጥፍ ይበልጣል። ለቁልቢ ወይም ለግሸን የተጓዘ ሰው ነገሩ ትንሽ ይገባዋል፤ ትንሽ ብቻ።

እኔ በ2013 ቫራናሲ ተማሪ ነበርኩ። ፕራያግራጅ ያን ጊዜ አላሃባድ ትባል ነበር፤ ስሟ የተቀየረው በ2018 ነው። የጋንጋና የያሙና ወንዞች የሚገናኙበትን ቦታ ለማየት፣ ከዋናው የመታጠቢያ ቀን ሁለት ቀን ቀደም ብዬ ሌሊት ተነሳሁ። የያዝኩት ጄኔራል የሚባለውን፣ ወንበር የማይያዝበትን ፉርጎ ነው። መቀመጫው ለ90 ሰው ገደማ ነው፤ አብሯችሁ የሚሳፈረው ግን 90 ሰው አይደለም። ዕቃ መደርደሪያው ላይ የሚተኛ አለ፣ መጸዳጃ ቤቱ በር ላይ ድስትና ከረጢት ይዞ የተቀመጠ አለ። ሁሉም የሚለው አንድ ነገር ነው፦ «ቶዳ አድጃስት ካሪዬ»። የእኛ የታክሲ ረዳት «ጠጋ ጠጋ በሉ» እንደሚለው ማለት ነው፤ ልዩነቱ እዚያ እርስ በርስ የሚባባሉት ተሳፋሪዎቹ መሆናቸው ነው። ሦስት ሰው በሚያስቀምጥ አግዳሚ ላይ ስድስተኛ ሆኜ ተቀመጥኩ።

ከጎኔ ከቢሃር ግዛት የመጡ አንድ እናት ነበሩ። ስድስት ሴቶች ይዘዋል፤ ሁሉም የሳሪያቸውን ጫፍ አንዱን ካንዱ ቋጥረው፣ እንደ መቁጠሪያ ተያይዘዋል። ሴትዮዋ ከጨርቅ ቋጠሮ የተዳጠ ሩዝ በጥቁር ስኳር አውጥተው ለእኔም ዘገኑልኝ። ከዚያ ብቻዬን መሆኔን ሲያዩ፣ ምንም ሳይጠይቁኝ፣ የመጨረሻዋን ሴት የሳሪ ጫፍ ከቦርሳዬ ማንገቻ ጋር አሰሩት።

ይህ መጨናነቅ የዛሬ ነገር አይደለም። ጋንዲ በ1915 ወደ ሃሪድዋር ኩምብ ሲሄዱ፣ ከሳሃራንፑር ጀምሮ ጣራ በሌለው የዕቃና የከብት ፉርጎ እንደተጫኑ፣ ከላይ የቀትር ፀሐይ ከታች የጋለ ብረት እንደጠበሳቸው ራሳቸው ጽፈዋል። ያም ሆኖ መጨናነቁ ብቻውን አይገድልም። ዛሬ ልነግራችሁ የፈለግሁትም ይህንኑ ነው።

ፌብሩዋሪ 10 ቀን 2013፣ እኔ በተመለስኩ ማግስት፣ በአላሃባድ ባቡር ጣቢያ የእግረኛ ድልድይና ደረጃ አካባቢ በተፈጠረ መረጋገጥ ቢያንስ 36 ሰዎች ሞቱ። የዐይን ምስክሮች የባቡሩ መሳፈሪያ በመጨረሻ ሰዓት ተቀየረ መባሉን ተናገሩ። ፌብሩዋሪ 15 ቀን 2025 ደግሞ በኒው ዴልሂ ጣቢያ 18 ሰዎች ሞቱ። ፖሊስ እንዳለው አንዱ ባቡር ፕራያግራጅ ኤክስፕረስ፣ ሌላው ፕራያግራጅ ስፔሻል ይባላል። ስፔሻሉ በ16 ቁጥር መሳፈሪያ ይገባል ተብሎ ሲነገር፣ በ14 ቁጥር ኤክስፕረሱን ይጠብቅ የነበረው ሰው የራሱ ባቡር መስሎት ወደ ደረጃው ሮጠ። የባቡር ሚኒስትሩ በበኩላቸው በኋላ ለፓርላማ ሲያስረዱ፣ ከአንድ ተሳፋሪ ራስ ላይ የወደቀ ትልቅ ሸክም ሰዉን ደረጃው ላይ አደናቀፈው ብለዋል። የትኛውንም ብትቀበሉ ቦታው ደረጃ ነው። በዚያ ሌሊት የወደቁትን በዕቃ ጋሪያቸው ያወጡት ቀይ ሸሚዝ የለበሱት ኩሊዎች ነበሩ። አዎን፣ ኩሊ እዚያም ኩሊ ነው።

ጋዜጠኞች እንዲህ ሲሆን «የሕዝብ ጎርፍ» ይላሉ። አባባሉን አልወደውም። ጎርፍ መርዶም ማስታወቂያም አይሰማም፤ እነዚህ ሰዎች ግን የተነገራቸውን ሰምተው ነው የሮጡት። በ2025 በፕራያግራጅ ጣቢያ ራሱ የተሠራው ሥራ ይህንን ያሳያል፦ መግቢያው በአንድ ወገን፣ መውጫው በሌላ ወገን ሆነ፤ መንገደኛው እንደሚሄድበት አቅጣጫ በቀለም በተለየ መጠለያ ተቀምጦ፣ ባቡሩ ሲደርስ እየተመራ ይገባ ነበር። ከዴልሂው አደጋ በኋላ መንግሥት እንዲህ ያለ ማቆያ ከ70 በላይ በሆኑ ጣቢያዎች እንዲሠራ ወስኗል።

እናንተ ግን ያንን አትጠብቁ። የባቡራችሁን ስም ብቻ ሳይሆን አምስት አሃዝ ያለውን ቁጥሩን መዳፋችሁ ላይ ጻፉ፤ ስም ይመሳሰላል። ወንበር የሚያዝበት ትኬት ከጉዞው 60 ቀን በፊት ይከፈታል፤ የመታጠቢያ ቀኖቹም አስቀድመው ስለሚታወቁ፣ በእነሱ ዙሪያ ከጉዞ ብትቆጠቡ ይሻላል። መሳፈሪያው ተቀየረ ከተባለ፣ ባቡሩ ያምልጣችሁ።

ወደ እኔ የ2013 ጉዞ ልመለስ፤ ያን ሌሊት ባቡራችን አንድ ትንሽ ጣቢያ ላይ ቆመና ውረዱ ተባልን። ገና ከመውረዳችን፣ ሌላው ባቡር ማዶ ነው የሚል ድምፅ ተሰማና ሰዉ ወደ ድልድዩ ተንጋጋ። እኔም እግሬን አነሳሁ። ቦርሳዬ ግን ታስሯል። ሴትዮዋ ከአንድ ምሰሶ ሥር ሸክማቸውን አውርደው ተቀምጠው ነበር፤ ሴቶቹም ተቀመጡ፤ እኔም ተጎተትኩና ተቀመጥኩ። ባቡሩ ጥሎን ሄደ። ሁለተኛው ሊነጋጋ ሲል መጣ፤ ድልድዩ ያን ጊዜ ባዶ ነበር። ሴትዮዋ ተነሱና ቋጠሮውን በጣታቸው እየነኩ ቆጠሩ፦ ኤክ፣ ዶ፣ ቲን... ሰባተኛዋ ራሳቸው ናቸው። እኔ ጋ ሲደርሱ ማንገቻዬን ጠበቅ አድርገው ሳቡና «አት» አሉ፤ ስምንት።

አመሰግናለሁ።